ሙቀቱ፣ በርሜሉና ትንኙ፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ባለፈው እትማችን የአየር ንብረት ለውጥ በሰው ጤና ላይ ስለሚያስከትለው ጉዳት ጥያቄ ያላችሁ አንባቢያን እንድትጽፉልን ጋብዘን ነበር። ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከድሬዳዋ፣ ጥቂቶቹ ከሐረር የተላኩ ናቸው። ተመሳሳይ የሆኑትን አዋህደን፣ የጠያቂዎቹን ስም ሳንጠቅስ፣ የአምዳችን ሐኪም ከሰጠው መልስ ጋር አቅርበናል።

ጥያቄ፦ ድሬ ድሮም ሞቃት ናት። አባቶቻችን በዚሁ ሙቀት ሽርጣቸውን አሸርጠው፣ እኩለ ቀን ላይ ሱቃቸውን ዘግተው አርፈው፣ ሲመሽ ንግዳቸውን ቀጥለው ኖረዋል። አሁን በየስብሰባው የአየር ንብረት ለውጥ ሲባል እሰማለሁ። ለመሆኑ በሙቀት ያደግነውን እኛን ሙቀት ምን ያደርገናል? (ከከዚራ)

መልስ፦ ጥያቄዎ ግማሹ እውነት ስላለበት በቁም ነገር መታየት ይገባዋል። ሰውነት ሙቀትን ይለምዳል። ከደጋ የመጣ ሰው ድሬዳዋ ሲገባ አንድ ሁለት ሳምንት ይቸገራል፤ ከዚያ በኋላ ላቡ ቶሎ መፍሰስ ይጀምራል፣ ከላቡ ጋር የሚወጣው ጨው ይቀንሳል፣ ልቡም እንደ መጀመሪያዎቹ ቀናት አይደክምም። ቀን አርፎ በማለዳና በማታ መሥራትም ሐኪም ሳያዝዘው የዳበረ፣ ዛሬም የማይናቅ የጤና ጥበብ ነው። ችግሩ መልመድ ወሰን ያለው መሆኑ ነው። የሰው የውስጥ ሙቀት 37 ዲግሪ አካባቢ መቆየት አለበት፤ ይህን ለማድረግ ልብ ደምን ወደ ቆዳ ትገፋለች፣ ላብም ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። አየሩ በእርጥበት ሲሞላ ላቡ ይፈሳል እንጂ አይተንም፤ ስለዚህ ሰውየው ጨውና ውኃውን ያጣል፣ ቅዝቃዜውን ግን አያገኝም።

እ.ኤ.አ. በ2024 የዓለም አማካይ ሙቀት ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት ከነበረው በ1.5 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ ተመዝግቧል። አንድ ዲግሪ ተኩል ለድሬዳዋ ሰው ቀልድ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን አማካዩ በዚህ መጠን ከፍ ሲል ቀድሞ አልፎ አልፎ ብቻ ይታዩ የነበሩ እጅግ ሞቃት ቀናት ይደጋገማሉ፤ በብዙ የዓለም ክፍሎች ደግሞ የሌሊቱ ሙቀት ከቀኑ ፈጥኖ እየጨመረ ነው። እኔ በዚህ ከተማ ከቀኑ ይልቅ የምፈራው ሌሊቱን ነው። ቀን የተቃጠለ ሰውነት የሚያገግመው ማታ ሲቀዘቅዝ ሲሆን፣ ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ክዳን ሥር፣ ቀን ሙሉ ፀሐይ በጠጣ የብሎኬት ግድግዳ መካከል የሚተኛ ሰው ግን ያ የማገገሚያ ሰዓት ይነፈገዋል። አባቶቻችን በረንዳ ላይና ግቢ ውስጥ አልጋ ዘርግተው ያድሩ የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ሙቀት የሚገድላቸው ሰዎች አብዛኞቹ ፀሐይ ላይ ወድቀው የሚሞቱ አይደሉም። ልባቸው፣ ሳንባቸው ወይም ኩላሊታቸው ቀድሞ የደከመ፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ሙቀቱ የመጨረሻውን ሸክም የጨመረባቸው ሰዎች ናቸው። በዚህም ምክንያት የሞት ማስረጃቸው ላይ «የልብ ድካም» ተብሎ ይጻፋል፤ ሙቀቱ ስሙ አይነሣም። ጉዳቱ የሌለ የሚመስለንም ለዚህ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ግን ሁሉም ሰው ቢያውቀው እወዳለሁ። በሙቀት ውስጥ የቆየ ሰው ንግግሩ ከተዘበራረቀ፣ ከተወላገደ፣ ራሱን ከሳተ ወይም የሰውነቱ ሙቀት 40 ዲግሪ ከደረሰ ይህ ተራ ድካም ሳይሆን ሕይወትን የሚያሰጋ አጣዳፊ ሕመም ነው። ላቡ ቢፈስም ባይፈስም አያታልላችሁ። ጥላ ሥር አስገብታችሁ ልብሱን አውልቁለት፤ መላ አካሉን በቀዝቃዛ ውኃ እያረጠባችሁ አራግቡለት፤ በረዶ ካለ አንገቱ፣ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ አድርጉለት፤ ይህንንም እየሠራችሁ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ውኃ አይሰጥም፤ ፓራሲታሞልም ለዚህ ዓይነቱ ሙቀት አይሠራም። ስለ ቬንትሌተር ለጠየቃችሁን ደግሞ፣ ክፍሉ ከ40 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ደረቅ ሰውነት ላይ የሚነፍስ ቬንትሌተር የሚያመጣው ትኩስ አየር ስለሆነ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል፤ በእርጥብ ፎጣ ሰውነትን እያራሱ መጠቀም ይሻላል።

ጥያቄ፦ በሰፈራችን ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ ሁለት በርሜልና አንድ ሮቶ ሞልተን እናስቀምጣለን። ባለፈው በጋ ዝናብ የሚባል ሳይኖር ልጄን ወባ ያዘው፤ እኅቴ ደግሞ ዴንጊ ነው ተባለች። ጎርፍም ኩሬም በሌለበት ይህ ትንኝ ከየት መጣ? (አንዲት እናት፣ ከገንደ ቆሬ)

መልስ፦ ከበርሜልዎ ነው።

ከዚህ በፊት የተማርነው የወባ ትምህርት ረግረግ ማጥፋትን፣ ኩሬ ማዳፈንንና ከክረምቱ ማግሥት መጠንቀቅን የሚመለከት ነበር። ያ ትምህርት በገጠሩ አሁንም ይሠራል። ድሬዳዋ ውስጥ ግን አኖፊለስ ስቴፈንሲ የሚባል፣ የመነሻ አገሩ ደቡብ እስያና የዓረብ ባሕረ ገብ መሬት የሆነ የወባ ትንኝ ገብቷል። በአፍሪካ መጀመሪያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ውስጥ ሲሆን፣ በዚያ ዓመት 27 ብቻ የነበረው የጅቡቲ የወባ ሕሙማን ቁጥር በ2020 ከ73,000 በላይ ደርሷል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘ። በድሬዳዋ በ2019 ዓመቱን ሙሉ የተመዘገበው የወባ ሕመምተኛ 205 ሲሆን፣ በ2022 ከጥር እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ብቻ 2,425 ተመዘገበ፤ ወቅቱም በአብዛኛው ደረቅ ነበር። ይህ ትንኝ ረግረግ አይፈልግም። ንጹሕ ውኃ የያዘ በርሜል፣ ክዳኑ ያልገጠመ ሮቶ፣ ለግንባታ ውኃ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ይበቃዋል።

ዴንጊና ቺኩንጉኒያን የሚያስተላልፈው ኤደስ የተባለው ትንኝም እዚያው በርሜል ውስጥ ጎረቤቱ ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የዴንጊ ወረርሽኝ የታወቀው በ2006 ዓ.ም. መባቻ በዚሁ በድሬዳዋ ሲሆን፣ በ2011 ዓ.ም. ክረምት የጀመረው የቺኩንጉኒያ ወረርሽኝ ደግሞ ከ40,000 በላይ ሰው ሳይዝ እንዳልቀረ ተመዝግቧል። በዚያን ሰሞን ጉልበትና ቁርጭምጭሚቱን ይዞ እያነከሰ ያልተራመደ ቤተሰብ በከተማዋ ጥቂት ነበር።

ከአየር ንብረት ጋር ያለውን ግንኙነት በትክክል ለመናገር እንሞክር። ስቴፈንሲን ወደ እኛ ያመጣው ሙቀት አይደለም፤ የሚያሳምነው ግምት በመርከብና በየብስ መጓጓዣ መምጣቱ ነው። ሁሉን ነገር በአየር ንብረት ለውጥ ማላከክ አልወድም፤ ማዘጋጃ ቤትም፣ እኛም ራሳችንን ነጻ የምናወጣበት ሰበብ ይሆናልና። የሙቀት ሚና ከመጣ በኋላ ያለው ነው። የወባ ተውሳክ በትንኟ ሆድ ውስጥ አድጎ ለመተላለፍ ዝግጁ እስኪሆን አየሩ 20 ዲግሪ ሲሆን አራት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል፤ 25 ዲግሪ ሲሆን ግን ሁለት ሳምንት እንኳ አይሞላውም። ትንኝ ዕድሜዋ አጭር ስለሆነ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው፤ በቀዝቃዛው ተውሳኩ ሳይበስል ትሞታለች፣ በሞቃቱ ግን በስሎ ታስተላልፈዋለች። ሁለተኛው መንገድ ውኃው ነው። ዝናቡ ሲዛባና ጉድጓዱ ሲጎድል ፈረቃው ይረዝማል፤ ፈረቃው ሲረዝም እርስዎ ሦስተኛ በርሜል ይገዛሉ። ድርቅ ለትንኝ ጠላት መሆን ሲገባው እንደ እኛ ባለ ከተማ ረዳቷ የሆነው በዚህ መንገድ ነው።

አሁን ጠዋት ተነሥተው የበርሜሉን ክዳን ይክፈቱና በባትሪ ይመልከቱ። ከውኃው ፊት ጋር ተጋድሞ የሚንሳፈፍ ቀጭን እጭ ካዩ የወባ ትንኝ ነው፤ ጭራውን ወደ ላይ፣ ጭንቅላቱን ወደ ታች አድርጎ የሚንጠለጠልና ብርሃን ሲያይ እየተጠማዘዘ ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ ኤደስ ወይም ሌላው ተራ ቢንቢ ነው። ሁለቱንም አይፈልጓቸውም። ከእንቁላል እስከ ክንፍ ያለው ዕድገት በእኛ ሙቀት ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ስለሚፈጅ በርሜሉን በየሳምንቱ ባዶ ማድረግ ዑደቱን ይቆርጠዋል። ውኃውን መድፋት ብቻ ግን አይበቃም። የኤደስ እንቁላል ከውኃው መስመር ከፍ ብሎ በርሜሉ ግድግዳ ላይ ይጣበቃል፤ ደርቆ ለወራት ቆይቶ ውኃ ሲያገኝ ይፈለፈላል። ስለዚህ ግድግዳውን በብሩሽ ፈትጉት። ውድ የሆነውን ውኃ መድፋት ለማይቻላችሁ፣ ጥቅጥቅ ያለ ነጠላ ወይም የወንፊት ጨርቅ አፉ ላይ ወጥራችሁ በላስቲክ እሰሩት፤ ውኃውንም በጨርቁ ላይ እያሳለፋችሁ ቅዱ። ሮቶው ጣሪያ ላይ ስለሆነ ማንም አያየውም፤ እንደ እኔ ልምድ አብዛኛውን ጊዜ ክዳኑ በነፋስ ተገልብጦ የሚገኘው እሱ ነው።

አጎበሩን በተመለከተ፣ ኤደስ የሚናከሰው በቀን፣ ይልቁንም በማለዳና ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ከሰዓት በኋላ የሚተኛ ሕፃን፣ ሸለብ የሚያደርጉ አረጋዊና የታመመ ሰው በቀንም አጎበር ያስፈልጋቸዋል። በርጫ ላይ እግርን ዘርግቶ እስከ ማምሻው የሚቀመጥም ሰው እግሩን ይሸፍን።

ልጅዎ ዳግመኛ ቢያተኩሰው በዚያው ቀን የወባ ምርመራ ያድርግ። ዴንጊ አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ አይወሰዱም፤ የደም መፍሰስን ያባብሳሉ። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል በልኩ ይበቃል። በዴንጊ ብዙዎች የሚዘናጉት ትኩሳቱ ሲወርድ «ተሻለው» ብለው ነው፤ አደገኛው ጊዜ ግን ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን፣ ልክ ትኩሳቱ በሚበርድበት ወቅት ነው። ኃይለኛ የሆድ ሕመም፣ ያልተቋረጠ ማስታወክ፣ የድድ ወይም የአፍንጫ ደም፣ ያልተለመደ መፍዘዝ ከታየ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል መሄድ ነው።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሐረር ነው፤ ድሬዳዋ ስንወርድ ብቻ ነው ወባ የምንፈራው። ይህ ሊለወጥ ይችላል? (ከጀጎል)

መልስ፦ ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ፣ ድሬዳዋ ደግሞ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ገደማ ስለሚቀንስ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የአራት ዲግሪ ተኩል ያህል ልዩነት እስካሁን ጋሻችሁ አድርጋችሁ ኖራችኋል። በአገራችን ወባማ አካባቢ ሲባል የተለመደው መነሻ ከ2,000 ሜትር በታች ያለው ነውና፣ ሐረር ከወሰኑ ብዙም የራቀች አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመና የኢትዮጵያን ማዕከላዊ ደጋ ከኮሎምቢያ ጋር አጣምሮ ያየ ጥናት ሞቃት በሆኑ ዓመታት ወባ ወደ ከፍተኛ ቦታዎች እንደሚወጣ፣ በቀዝቃዛ ዓመታት ደግሞ ወደ ታች እንደሚመለስ አሳይቷል። የደጋ ሰው ከዚህ በፊት ስላልተጋለጠ ወባን የመቋቋም አቅሙ አነስተኛ ነው፤ ሲይዘው ጎልማሳውንም አጥብቆ ይጥለዋል። ስለዚህ ከሐረር ሳትወጡ ብርድ ብርድ ብሏችሁ ብታተኩሱ «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትቀመጡ።

የውኃውም ነገር እናንተን ይመለከታል። የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ሲደርቅ የሐረር ቧንቧ ምን እንደ ሆነ የምታስታውሱት እናንተ ናችሁ። ያን ሐይቅ ያደረቀው ሰማዩ ብቻ አልነበረም፤ ለመስኖና ለከተማ ከልክ በላይ ተስቧል፣ ከተራቆተው ኮረብታ የወረደ ደለልም ሞልቶታል። ኋላ ላይ ተመልሶ ውኃ ይዟል። የአየር ንብረት ለውጥ ጉዳት በአብዛኛው እንዲህ ነው፤ ቀድሞ ሰው ያደከመውን ነገር አግኝቶ ይሰብረዋል። ዛሬ በጀጎል ጠባብ ግቢዎች የሚደረደሩት ጀሪካኖችና በርሜሎች ከላይ ለገንደ ቆሬዋ እናት የጻፍኩትን ሁሉ ይመለከታሉ።

ጥያቄ፦ እናቴ ስኳርና የደም ግፊት አለባት፤ ኢንሱሊን ትወጋለች። መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ሲሞቅ ኢንሱሊኑ ይበላሻል? በሙቀት ወራት ስኳሯ ከፍና ዝቅ ይልብናል። (ከሳቢያን)

መልስ፦ ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። የተከፈተው እንደ ዓይነቱ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት ለአራት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ችግሩ በግንቦትና በሰኔ የድሬዳዋ ክፍል ከዚያ በላይ መሞቁ ነው። ለጥቂት ሰዓት መብራት መጥፋት ፍሪጁ ካልተከፈተ ብዙም አይጎዳም። ለረጅም ጊዜ ሲጠፋ ግን የሸክላ ዕቃ ይረዳችኋል። አንድ ሰፋ ያለ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ አነስ ያለውን አስገቡ፤ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት በአሸዋ ሞልታችሁ አሸዋውን በቀን ሁለት ጊዜ አርጥቡት፤ ኢንሱሊኑን በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ውስጠኛው ማሰሮ ውስጥ አኑሩና በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑት። ውኃው በሸክላው ቀዳዳ ሲተን ውስጡን ከክፍሉ በብዙ ዲግሪ ያቀዘቅዘዋል። በደረቁ ወራት በሚገባ ይሠራል፤ አየሩ ሲረጥብ ጥቅሙ ይቀንሳል። ቦታው ነፋስ ያለበት ጥላ ይሁን። ከበረዶ ጋር አጣብቆ ማስቀመጥ ግን ከሙቀቱ የከፋ ነው፤ የበረዶ ቅንጣት የያዘ ኢንሱሊን ተመልሶ አይሠራም።

በሙቀት የተበላሸ ኢንሱሊን ብዙ ጊዜ መልኩ አይለወጥም። እናትዎ አመጋገባቸው ሳይለወጥ ስኳራቸው ያለ ምክንያት ከፍ ካለ ብልቃጡን ይጠርጥሩ። በሌላ በኩል ሙቀት የቆዳን የደም ሥር ስለሚያሰፋ የተወጋው ኢንሱሊን ፈጥኖ ወደ ደም ይገባል፤ ስኳር ድንገት የሚወርደውም ለዚህ ነው። በሙቀት ወራት በተደጋጋሚ ይለኩ።

የግፊት መድኃኒታቸው የሚያሸና ዓይነት ከሆነ ከላቡ ጋር ተደምሮ ሰውነታቸውን ሊያደርቅ ይችላል። በራስ ፈቃድ ማቆም ግን አይገባም። ሲነሡ ካዞራቸው፣ ሽንታቸው ካነሰ ወይም ግፊታቸው ከወትሮው ዝቅ ካለ መጠኑን እንዲያስተካክል ለሐኪማቸው ይንገሩ።

ጥያቄ፦ ቤታችን ከደቻቱ ወንዝ ዳር ነው። ዝናብ እያነሰ ነው ይባላል፤ ታዲያ ጎርፉ ለምን አልቀረም? ከጎርፍ በኋላስ ለጤናችን ምን እናድርግ? (ከመጋላ)

መልስ፦ የዓመቱ ዝናብ ድምር ቢያንስም በአንድ ጊዜ የሚወርደው ሊበረታ ይችላል። አየር በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር የሚሸከመው ተን በሰባት በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ሲያራግፈውም በዚያው ልክ ነው። የደቻቱ ጎርፍ ደግሞ ከላይ ከደጋው የሚወርድ ስለሆነ በከተማዋ ጠብታ ሳይወርድ ሊመጣ ይችላል። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለሐምሌ 30 አጥቢያ የወረደው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን የነጠቀው በተኙበት ነበር። ደጋው ላይ ደመና ሲጠቁር የወንዙን አሸዋ ለቆ መራቅ፣ ባጃጅም ይሁን እግረኛ «ቶሎ ልሻገር» አለማለት የመጀመሪያው የጤና ምክር ነው።

ጎርፉ ካለፈ በኋላ የመጸዳጃ ቤት ቆሻሻ ከውኃው ጋር ስለሚቀላቀል የቧንቧውንም የጉድጓዱንም ውኃ አፍልታችሁ ወይም ውሃ አጋር (የውኃ ማከሚያ ክሎሪን) ጨምራችሁ ጠጡ። ተቅማጥ የጀመረውን ሰው ከመጀመሪያው ሰዓት ኦአርኤስ ስጡት፤ ከረጢቱ ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ጨውን አብዝቶ መጨመር ሕፃንን ይጎዳል።

ስለ አእምሮ ጤና ማንም አልጠየቀንም፤ ቢሆንም ነጎድጓድ በሰሙ ቁጥር ሌሊቱን ቁጭ ብለው የሚያነጉ፣ ልጆቻቸውን ጫማ አስጫምተው የሚያስተኙ እናቶች በሰፈራችሁ እንዳሉ ታውቃላችሁ። ይህ ፍርሃት ለወራት ካልለቀቀ ሕክምና ያለው ሕመም ነው፤ ሊታፈርበት አይገባም።

ጥያቄ፦ ቀፊራ ገበያ ጫኝና አውራጅ ነኝ። ለሙቀቱ ለስላሳ ይሻላል ወይስ ውኃ? (ስልክ ደውሎ የጠየቀ አንባቢ)

መልስ፦ ውኃ ይሻላል። ከባድ ሥራ ላይ ሳለህ እስኪጠማህ ሳትጠብቅ በየሃያ ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ጠጣ፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ሊትር መጋትም አደገኛ ስለሆነ በሰዓት ከአንድ ሊትር ተኩል አትለፍ። በላብ የወጣውን ጨው በምግብ ትተካዋለህ፤ ስለዚህ ምሳህን አትዝለል። ጫት የምትቅም ከሆነ፣ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ስለሚያደርግና ረኃቡንም ድካሙንም ስለሚያስረሳ ቅመህ በፀሐይ ከባድ ጭነት አትሸከም። ሽንትህ እንደ ሻይ ከጠቆረ ሥራህን አቁመህ ጥላ ሥር ዐርፈህ ጠጣ፤ በማግሥቱም ካልጠራ ኩላሊትህን ተመርመር። አዲስ ጓደኛ ከደጋ መጥቶ አብሯችሁ ሥራ ከጀመረ ደግሞ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ግማሽ ጭነት እንዲሸከም አለቃችሁን ጠይቁለት።